ማሩ የት ገባ? የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ጉብኝቴ

እውነቱን ለመናገር ነቀምቴ የሄድኩት ታሪክ ፍለጋ አይደለም። አያቴ «ሳልሞት ና» እያለች ስልክ ላይ ስለነዘነዘችኝ ነው። ወለጋ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መንገዱ ሰላም ሆነ ሲባል ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲባል ደግሞ ሰው ሲመላለስ ታያላችሁ። በ2012 ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ ብዙ ቦታዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ጊምቢ ያለችው አክስቴን ድምፅ ሳንሰማ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ «በሚቀጥለው በዓል እመጣለሁ» እያልኩ ብዙ በዓል አሳለፍኩ።

ዘንድሮ ግን ቆረጥኩ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ባኮ፣ ሲሬ እያልን፣ ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ እየደወልኩ ሲያጣ እየተኛሁ አመሻሽ ላይ ገባሁ። አያቴ (እኛ «አኮ» ነው የምንላት) አንጮቴ በአይብ አቅርባ ጠበቀችኝ። አንጮቴን ለማታውቁት፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ሥራ ሥር ነው፤ ወለጋ ሄዶ እሱን ሳይበላ የተመለሰ ሰው «ሄድኩ» ባይል ይሻለዋል።

ቤት ውስጥ የአክስቴ ልጅም ነበር። በሲቪል ኢንጂነሪንግ ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሥራ የለውም። እኔ ደግሞ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ እንዲህ እንደምታዩኝ እየጻፍኩ ነው። ሁለታችንም ያው ነን። ማታ አኮ ስትተኛ ጠጋ ብሎ «ሰኞ ወርቅ ልወጣ ነው፤ ለእሷ እንዳትነግራት» አለኝ። ወርቅ መውጣት ማለት ጉድጓድ መቆፈር፣ አፈር ማውጣት፣ ማጠብ ነው። ጓደኞቹ አስቀድመው ሄደዋል። አንዱ ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ስለ ሌላው ስጠይቀው ወሬ ቀየረ።

በማግሥቱ ሊያስጎበኘኝ ይዞኝ ወጣ። አኮም «እስከ ገበያ አብሬያችሁ ልሂድ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። የሄድነው በከተማው ስሙ ወደታወቀው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው፤ በኦሮምኛ «መሰራ» ይሉታል። በሩ ጋ ስንደርስ አኮ ቆመች።

«እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ።»

«ገብተሽ አታውቂም እንዴ?» አልኳት።

«ምን ልሠራ? አያቴ ማር ተሸክሞ የገባበት በር ነው። እኔ ምን ተሸክሜ ልግባ?»

እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። በር ጥበቃው እንኳ ሳቀ። እኔ ግን ግቢውን ስዞር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አሁን ግቢውን ልንገራችሁ። አሥር ያህል ቤቶች ያሉት ሰፊ ቅጥር ነው። ዋናው ቤት ባለ ፎቅ ነው፣ በእንጨት በረንዳ የተከበበ። ዛሬ ባለ ፎቅ ቤት ብርቅ አይደለም፤ ነቀምቴም ውስጥ መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ሞልተዋል። ግን ራሳችሁን 130 ዓመት ወደ ኋላ ውሰዱ። መኪና የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ ዙሪያው ሁሉ የሣር ጎጆ ነው። በዚያ መሀል ይህ ቤት ከሩቅ ሲታይ ለገበሬው ምን ሊመስለው እንደሚችል አስቡት። ሰገነት ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ማን እንደሆነ ለመረዳት ማንበብ አያስፈልግም።

ባለቤቶቹ ወረ በከሬ የሚባሉት ቤተሰብ ናቸው። ሌቃ ነቀምቴ የሚባለውን ግዛት ያቆመው በከሬ ነው። ልጁ ሞቲ ሞረዳ በከሬ አሰፋው፤ የሞረዳ ልጅ ኩምሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 1923 ገዛ። ግቢው የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ነው፤ ስሙን የያዘው ግን ልጁ ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ? የኢኮኖሚክስ ተማሪ ቤት ሲያይ ስለ ጣሪያው ውበት ከመጠየቁ በፊት «ማን ከፈለው?» ነው የሚለው። በሽታችን ነው፣ ታገሡኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእምባቦ ነው። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ እና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። የተዋጉበት ምክንያት የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ሀብት ነው፤ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ቡናው፣ ማሩ፣ ንግዱ የሚያልፍበት መንገድ። ምኒልክ አሸነፉ። ሞረዳ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ ወዲያው ገባው፤ በራስ ጎበና ዳጬ በኩል ሳይዋጋ ለምኒልክ ገባ።

ልብ በሉ፤ ይህ ተራ መሸነፍ አይደለም፣ ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት ሌቃ ነቀምቴ ለማዕከሉ ግብር ትከፍላለች፣ በለውጡ የራሷ ገዢ በራሷ ቤት ይቆያል። እንደ ሌሎች ደቡብ አገሮች ከመሀል አገር የመጣ ሹም ከነወታደሩ ገበሬው ላይ አይሰፍርም። ጂማም በአባ ጂፋር ጊዜ እንዲሁ ነበረች፤ ጂሬን ላይ ያለው የአባ ጂፋር ቤተ መንግሥት የዚህኛው ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የቤኒሻንጉሉ ሼክ ኾጀሌም እንዲሁ በወርቅ ግብር ነው የኖሩት። አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የሚጣራውን የታክሲ ረዳት ስትሰሙ፣ የምትሰሙት የእኚህን ሰው ስም ነው፤ መኖሪያቸው እዚያ ነበርና ሠፈሩ በስማቸው ቀረ።

ኩምሳ አባቱን ሲተካ ስምምነቱን አጠበቀው። ክርስትና ተነሣ፣ የክርስትና አባቱ ራሳቸው ምኒልክ ሆኑ፣ ስሙ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፣ ደጃዝማችነትም አገኘ። ከዚያ በኋላ ለማዕከሉ «የእኛ ሰው»፣ ለአገሩ ሰው ደግሞ «ሞቲያችን» ነው። ሁለት ሲም ካርድ እንደያዘ ስልክ ሁለቱንም መስመር ያነሣል።

ሒሳቡን እንሥራ እስቲ። ማዕከሉ «ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ላክ» ይላል። ወቄት ማለት 28 ግራም ገደማ ነው። ደጃዝማቹ ትእዛዙን ለየአካባቢው ቆሮ ያወርደዋል። ቆሮው ለመንደሩ ያወርደዋል። መንደሩ ውስጥ የሚያወርድበት ሰው ያጣው ገበሬ ወንዝ ዳር ወርዶ አሸዋ ያጥባል፣ ወይም ማር ይቆርጣል፣ ወይም ከብቱን ሸጦ ይገዛል። ከዚያ ዕቃው መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ቆሮው ጋ ትንሽ፣ ግቢው ጋ ብዙ፣ የተረፈው ወደ አዲስ አበባ። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ኪራይ ሰብሳቢነት» የሚለውን ቃል ለፈተና ስሸመድድ ነበር። እዚህ በረንዳ ላይ ቆሜ ግን በእንጨት ተሠርቶ አየሁት።

ፍርዱን ግን አላቅልለው። ይህ ሥርዓት ገበሬውን ከባሰ ነገር አድኖታል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። በወታደር ከተወረሩት አገሮች ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። የደጃዝማቹ ሀብትና ሥልጣን ሌላም ነገር አድርጓል። አናሲሞስ ነሲብ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው ሰው፣ በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲመጣ የተቀበለው ይኸው ግቢ ነው። ከባርነት ወጥቶ፣ አውሮፓ ተምሮ፣ በራሱ ቋንቋ ልጆች ሊያስተምር ለመጣ ሰው ከለላ የሚሰጥ ሹም ማግኘት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ ኦሮምኛ የሚጽፍ ሁሉ ከዚያ ከለላ ትንሽ ድርሻ አለው። እኔ ይህን ሳስብ ቤቱ ላይ መናደድ ይከብደኛል። መኩራትም ደግሞ አኮ በር ላይ ቆማ እያለች አልሆነልኝም።

ስምምነቱ ዘላለማዊ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1923 ልጁ ሀብተ ማርያም ተተካ። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ማዕከሉ እየጠነከረ ሲመጣ ለየት ያለው መብት እያነሰ ሄደ። ጣሊያን ሲገባ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ሀብተ ማርያምና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ሹማምንት ተሰብስበው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንዲሆኑ ጠየቁ፤ ሰሚ አላገኙም። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን፣ አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረጉ። ቤተሰቡ ከግቢው እንዲወጣ ተደረገ፣ ታሠረ፤ ቤቱም በደርግ ዘመን ተጎሳቁሎ ቆየ። ኋላ ነው ታድሶ እኛ የምናየው ቅርስ የሆነው።

አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ ጥሩ ይናገራል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ዙፋኑ፣ ስለ ግብሩ አዳራሽ አንድ በአንድ ነገረን። ከዚህ ቤተሰብ የወጡ የደብዳቤ መዛግብትም አሉ፤ ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል አሳትመውታል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገልጬዋለሁ። አብዛኛው ነገር በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ከላይ ትእዛዝ፣ ከታች መልስ፣ ወርቅ፣ ግብር፣ ድንበር፣ ክርክር። ያኔ ለፈተና የማይጠቅም መስሎኝ መልሼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ግቢ ቆሜ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ ጠያቂና ስለ ሰብሳቢ ነው። ቤቱም የሚናገረው ስለ ተቀባይ ነው። የከፋዩ ደብተር የለም። ደረሰኝ አልተሰጠውም።

ወደ በሩ ተመለስኩ። አኮ ከጥበቃው ጋር ጨዋታ ይዛለች። «ነይ፣ ዛሬ ባዶ እጅሽን ትገቢያለሽ» አልኳትና እጇን ያዝኩ። ትንሽ አንገራገረች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሰገነቱን ቀና ብላ አየች። ጣሪያውን አየች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። አስጎብኚው በአክብሮት መጥቶ ከመጀመሪያው ጀመረላት፤ ሞቲ በከሬ፣ ሞቲ ሞረዳ፣ ሞቲ ኩምሳ። ታገሠችው። ሲጨርስ በኦሮምኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ማሩን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

ልጁ ደነገጠ። ወደ ጓሮ ቤቶቹ አየ። «እማማ፣ እሱን እንኳ…» አለና ቀረ። አልፈረድኩበትም። ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ያኔ አኮ መናገር ጀመረች። አያቷ ከገጠር ጉንዶ ማር በትከሻው ተሸክሞ ሌሊት እንደሚነሣ፤ ማሩ ቢጎድል ከቤቱ ጨምሮ እንደሚሞላ፤ አንድ ዓመት ንቡ ሄዶበት ማር ሲያጣ ላም ሸጦ ማር ገዝቶ እንዳስገባ፤ ላሟ «ቡሬ» የምትባል እንደነበረች፤ ልጆቹ ለላሟ እንዳለቀሱ። እሷ አልነበረችም፣ ከእናቷ ነው የሰማችው። እኔ ቀስ ብዬ ስልኬን አውጥቼ ድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ። 23 ደቂቃ ቀዳሁ። ቤቱን 60 ጊዜ ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ያ ፋይል ነው።

የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ሲሰማ ነበር። ከግቢው ስንወጣ፣ አኮ ሽንኩርት ልትመርጥ ስትቆም፣ ጠጋ ብሎ «እስቲ አስላልኝ» አለኝ። «ምኑን?» «የእኔን።» መንገድ ዳር ቆመን አሰላን። የጉድጓዱ ባለቤት የሚወስደው፣ ቀለብ ያቀረበው ሰው የሚቆርጠው፣ የፓምፕ ነዳጅ፣ ከዚያ እዚያው መጥቶ የሚገዛው ነጋዴ፣ ከእሱ በላይ ያለው ሌላ ገዢ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የወርቅ ዋጋ በብር ሲቆጠር ሽቅብ ወጥቷል፤ ብሔራዊ ባንክም ከባህላዊ አምራቾች የሚሰበሰበውን ወርቅ ይገዛል። ለአገር ዶላር ነው፣ መልካም ነው። ግን አንድ ግራም ከአፈሩ ወጥቶ ባንክ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል? ጣቶቻችንን አጥፈን ስንቆጥር የድሮው መሰላል ነው የመጣብን፤ ቆሮው ስሙን ቀይሯል እንጂ ደረጃው አለ።

«አትሂድ» ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ምን አማራጭ ይዤ? እኔ ራሴ ወር በገባ ቁጥር የቤት ኪራይ የምከፍለው እየተበደርኩ ነው። ሦስት ዓመት ሥራ የፈለገን ሰው «ታገሥ» ማለት ነውር ነው። እናም ሌላ ነገር ለመንኩት። «ከሄድክ ጻፍ። በየቀኑ፤ ስንት ግራም ወጣ፣ ማን ስንት ወሰደ፣ ለአንተ ስንት ደረሰ፣ የጉድጓዱ ጥልቀት ስንት ሜትር ነው፣ ድጋፍ አለው የለውም። አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለህ። ጥልቀቱ ካላማረህ አትግባ።»

ሳቀ። «የደጃዝማቹ ጸሐፊ አደረግከኝ» አለ።

«የደጃዝማቹስ ነበረው። የአኮ አያት ነው ያልነበረው» አልኩት።

ለአኮ የነገርናት እሑድ ማታ ነው። ልንደብቃት አልቻልንም፤ ቦርሳውን ስታየው ገባት። አልጮኸችም። ቡና በቅቤ ቆልታ ቡና ቀላ አቀረበች፤ እኛ ዘንድ ይህ የምርቃት ምግብ ነው። መረቀችው፣ ከዚያ «ያልበላኸውን አትክፈል» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ሄደ። እኔም ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ቡና የጫነ የጭነት መኪና ከፊታችን ነበር። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ «ለቀምት» በሚል ስም ነው የሚሸጠው፤ የከተማዋ የድሮ ስም በጆንያ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ስሙን እያነበበ ቡናውን ይጠጣል፤ የለቀመውን ሰው ስም የያዘ ጆንያ ግን እስካሁን አላየሁም።

አሁን ይህን ስጽፍ ሦስት ሳምንት ሆኗል። የአክስቴ ልጅ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ በወጣ ቁጥር በቴሌግራም የደብተሩን ፎቶ ይልክልኛል። አንዳንዱ ቀን «0» ነው። አንዳንዱ ቀን 0.8 ግራም፣ ለእሱ የደረሰው ከሩብ ያነሰ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ቁጥር የለም፤ «ጉድጓዱ ድጋፍ የለውም፣ አልገባሁም» ይላል። ለእኔ ከተላኩት ሁሉ ደስ ያለኝ ገጽ ያ ነው።

ነቀምቴ የምትሄዱ ከሆነ ግቢውን ጎብኙት። ሴልፊም አንሡ፣ ቤቱ ያምራል። አስጎብኚውን ግን ማሩ የት ይቀመጥ እንደነበረ ጠይቁት፤ ብዙ ሰው ከጠየቀው አንድ ቀን መልሱን ፈልጎ ያገኘዋል። አያት ያላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አጠገቧ አስቀምጡና ቤተሰቡ ለማን ምን ይከፍል እንደነበረ ጠይቋት። ላሟ ስም ካላት፣ ስሟንም አብራችሁ ቅዱ።